ወፍ ዋሻን ለማወቅ ኮፐንሃገን ድረስ?

የክርክሩ መነሻ ይሄ ነው። ወፍ ዋሻ የሚባለው የተፈጥሮ ደን በሚገኝበት በሰሜን ሸዋ፣ በአንድ ወረዳ የምትሠራ ወጣት የደን ባለሙያ አለች። በዘላቂ የደን አያያዝ ዓለም አቀፍ ማስተርስ እንድትማር ሙሉ ወጪዋ ተሸፍኖ ተቀባይነት አግኝታለች። ትምህርቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ሥር ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ አንዱን ዓመት በአንድ አገር ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላውን በሌላ አገር ትማራለች። ልጅቷ ግን ልሂድ አልሂድ እያለች ታመነታለች። ሁለት ሰዎች እንዲከራከሩላት ጠየቅን። አንዷ ከደብረ ብርሃን ናት፤ ማስተርሷን ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ተምራ ተመልሳለች። ሌላው ከመሐል ሜዳ ናቸው፤ ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ተምረው ዕድሜያቸውን በወረዳ ግብርና አሳልፈዋል። ሁለቱም ስማችን ይቅር ስላሉ በከተማቸው ጠርተናቸዋል።

ደብረ ብርሃን፦

ትሂድ። ይሄ ምኑ ያከራክራል?

ብሩን አስቀድሜ ልናገር፤ ሁሉም በሆዱ የሚያሰላው እሱን ነው። ስኮላርሺፑ በወር 1,400 ዩሮ ነው፤ እስከ 24 ወር ይከፈላል። የትምህርት ክፍያ አትጠየቅም። ትኬቱና ቪዛው ግን ከዚሁ አበል ነው የሚወጣው። ስለዚህ መነሻ ገንዘብ መበደሯ አይቀርም፤ ካሁኑ ትወቀው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከተሻገረች ግን ቆጥባ ለቤተሰብም ትልካለች።

ነገሩ ገንዘብ ብቻ ቢሆን እዚህ ባልመጣሁ። እዚህ አገር ስማር ደን ማለት ዛፍ ነበር። የዛፍ ስም በላቲን ይሸመደዳል፣ ችግኝ ይፈላል፣ ፈተና ይወሰዳል። እዚያ ስሄድ የትምህርቱ ግማሽ ስለ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ደኑ የማን ነው? ቢቆረጥ ማን ያተርፋል? ባይቆረጥስ ማን ይከስራል? ክፍላችን ውስጥ ከኔፓል የመጣ ልጅ ነበር። አገሩ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣችው ሕግ ደኑን ለመንደር ማኅበራት አስተዳድሩት ብላ ሰጠች፤ ዛሬ ማኅበራቱ ከ22,000 በላይ ናቸው። እሱ ስለ ማኅበራቸው መተዳደሪያ ደንብ ሲያወራ፣ እኔ የአካባቢው ሰው በጋራ ስለሚጠብቀው የመንዝ ጓሳ ሣር መሬት አወራሁለት። ጥያቄ አበዛብኝ። ቅጣቱ ስንት ነው? ሴቶች ድምፅ አላቸው? መሬት የሌለው ወጣት ምን ይደርሰዋል? ግማሹን መመለስ አቃተኝ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ገዛ አገሬ ማንበብ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው።

መሐል ሜዳ፦

እኅቴ፣ የኔፓሉ ልጅ ጓሳን ስላስወደደሽ እግዜር ይስጠው። ግን ጓሳ እኮ ከደብረ ብርሃን ተነስተሽ ምሳሽን መሐል ሜዳ የምትበዪበት መንገድ ነው። ለእሱ ኮፐንሃገን ድረስ ምን አስኬደሽ?

እስቲ ዘላቂነት የሚሉትን ነገር ከሥሩ እንየው። አውሮፓውያን አባቱ የሳክሶኒው የማዕድን ሹም ካርሎቪትስ ነው ይላሉ። የፍራይበርግ የብር ማዕድን የሚነድ እንጨት ሲያጥረው፣ እ.ኤ.አ. በ1713 ከሚያድገው በላይ አትቁረጡ ብሎ ጻፈ። ጥሩ ሰው ነው፤ አልጠላውም። ግን መንዝ በዚያን ጊዜ ቄሮ የሚባለውን የጓሳ መጠበቂያ ሥርዓቱን ይዞ ነበር። ጓሳው ለሦስት ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነሳም። ሲደርስ ተነግሮ ይከፈታል፤ የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የገራ ተወላጅ በየድርሻው ለክዳን ያጭዳል። ከተማሽን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም ቢሆኑ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ላይ አስተከሉ ይባላል። ያ 15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ካርሎቪትስ ገና አልተወለደም!

ሁለተኛ፣ ሥራው። ወፍ ዋሻ ገደል ነው። 20 በ20 ሜትር ፕሎት፣ ማለትም ዛፍ የሚቆጠርበት የናሙና ቦታ፣ ልታወጪ ነው እንበል። ስፋቱ የሚታሰበው በአግድም ነው። ቁልቁለቱ 60 በመቶ ከሆነ ሜትሩን 20 ላይ ማቆም አትችዪም፤ 23 ሜትር ከ30 ድረስ መሳብ አለብሽ። አለዚያ ፕሎቱ ያጥራል፣ ዛፉም ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይቆጠራል። የግንዱን ውፍረት ስትለኪ ደግሞ ከዛፉ በላይኛው ወገን ቆመሽ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ነው። እኔ ይህን ወንዶ ገነት ነው የተማርኩት፤ ዳገት ላይ፣ ጭቃ እየረገጥኩ። ዴንማርክ እኮ ከአገሩ ሁሉ ከፍ የሚለው ቦታ 171 ሜትር አይሞላም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣ ቁልቁለት ልትማር ወደዚያ ትውረድ?

ደብረ ብርሃን፦

ጋሼ፣ አሳቁኝ። የሜዳውን ነገር አምኜ ተቀብያለሁ። ሁለተኛውን ዓመት ጣሊያን አገር ፓዶቫ የሚያስመርጡ ፕሮግራሞች ስላሉ ዳገት ካማራት አልፕስ አጠገቧ ነው። የሜትሩ ሒሳብም እንደሆነ በየትኛውም የደን ትምህርት ቤት ያው ነው።

ስለ ቄሮው ግን ዝም አልልም። አዎ፣ አባቶች ቀድመው ያውቁታል። ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ? በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ድርሻው የርስት ጉዳይ ነው ተባለ፣ በቃ። የክፍለ ዘመናት ልምድ ባንድ አዋጅ ሄደ። የጓሳ ሰው በኋላ ተሰብስቦ በኮሚቴና በደንብ እንደገና ባያነሳው ኖሮ ዛሬ ቀይ ቀበሮውንም ጭላዳውንም በፎቶ ነበር የምናየው። ማወቅ አንድ ነገር ነው። ያወቁትን ሕግ አውጪ በሚያነበው ቋንቋ ጽፎ መከራከር ሌላ ነው።

ደግሞስ ቄሮን ለዓለም ያስተዋወቀ ማን ሆነና? ዶክተር ዘላለም ተፈራ ዶክትሬታቸውን የሠሩት እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ነው። ያጠኑት ግን የእርስዎን ጓሳ ነው። መሄድና ጓሳን ማወቅ ይጣላሉ ያለው ማነው?

ወንዶ ገነትስ ቢሆን? እ.ኤ.አ. በ1978 ሲቋቋም የስዊድን እርዳታ ነበረበት። ማስተርሱም ሲጀመር ከስዊድን የግብርና ዩኒቨርሲቲ ጋር በጥምረት ነበር የሚሰጠው። ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ትንሽ ፈረንጅ አገር ተምረዋል፤ ባይሳፈሩም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ዴንማርክን ቀለል አድርገው ስላለፏት። ያ ሜዳ አገር እ.ኤ.አ. 1800 አካባቢ ደኑ ከመሬቱ 2 ወይም 3 በመቶ ብቻ ቀርቶት ነበር። ከብት ጨርሶት፣ ማገዶ ጨርሶት። በ1805 ሕግ አወጡ። የቀረውን ደን አጠሩ፣ ከብቱን ከውስጥ አስወጡ። ዛሬ ወደ 14 በመቶ ደርሷል። ወፍ ዋሻ ውስጥ የጽድ ችግኝ ለምን አያድግም ብንል፣ አንዱ ምክንያት ከብት ይረግጠዋል ነው። እነሱ ከብቱን ሲያስወጡ ገበሬው ምን አለ? ምን ተሰጠው? ማን ከፈለ? ይህን ጠይቆ ማንበብ ለኛ ወረዳ ሥራ አይደለም? እኔ ከዚያ አገር ይዤ የመጣሁት ትልቁ ነገር ይሄ ታሪክ ነው። ሶፍትዌሩን ማንም ከዩቲዩብ ይማረዋል።

መሐል ሜዳ፦

የ1805ቱ ነገር ጥሩ ነው። አላውቀውም ነበር፤ ለባልደረቦቼ እነግራቸዋለሁ። ዶክተር ዘላለምን ማንሳትሽ ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። እሳቸው ጓሳን ተሸክመው ሄደው ጓሳን ተሸክመው መጡ። የኔ ፍርሃት ተሸክሞ ሄዶ የሚቀረው ነው።

አሁን ከወረቀቱ እንውረድና ወረዳ እንግባ። ልጅቷ ያለችበት ጽሕፈት ቤት የደን ባለሙያ ስንት ነው? እሷ ናት። እሷ ስትሄድ መደቡ ክፍት ይሆናል፤ ክፍት መደብ ደግሞ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚታጠፍ ነው። ሁለት ክረምት ችግኝ ያለ ባለሙያ ይተከላል። ሪፖርቱ ግን ያምራል፤ ስንት ተተከለ እንጂ ስንት ጸደቀ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የዋሱስ ጉዳይ? የመንግሥት ሠራተኛ ለትምህርት ሲለቀቅ ተመልሼ አገለግላለሁ ብሎ ውል ይፈርማል፣ ዋስ ይጠራል። እኔ የማውቀው ሰው ለጓደኛው ዋስ ሆነ። ጓደኛው እዚያው ቀለጠ። ዋሱ ከደመወዙ እየተቆረጠ ልጅ አሳደገ። እስካሁን ስሙ ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል። ይህን ነገር ስኮላርሺፕ የሚሰጡት ፈረንጆች ቅጽ ላይ አታገኚውም።

አገር ውስጥ ብትማር ግን ክረምቱን ወረዳዋ ትመጣለች። መመረቂያዋንም እዚሁ ትሠራለች፣ ገበሬውም አይረሳትም። ወንዶ ገነት አለ፣ ሌሎችም ከፍተዋል።

ደብረ ብርሃን፦

ዋሱ ላይ የሚሉት እውነት ነው፤ ያሳዝናል። ግን ይህ የደን ትምህርት ችግር አይደለም፣ የደመወዝ ችግር ነው። ወንዶ ገነት ተምሮም ቢሆን ድርጅት ገብቶ አዲስ አበባ የቀረ ሞልቷል። ለመጥፋት ፓስፖርት አያስፈልግም።

ደግሞ በሞቃታማ አገር ደን ላይ ያተኮሩትን ፕሮግራሞች ብትመርጥ ተማሪው ለመመረቂያ ጥናቱ መስክ ይወጣል፤ አገሩ ተመልሶ መረጃ የሚሰበስብ ብዙ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋች ማለት አይደለም።

ደን ከአየር የሚይዘውን ካርቦን መሸጥም አለ፤ እሱንም አስቡት። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ተራራ ተከልሎ፣ ከነባሩ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው እየተኮተኮተ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ ሥርዓት ተመዝግቦ ካርቦኑ ለዓለም ባንክ ፈንድ ተሸጠ። ነገ ሰሜን ሸዋ እንዲህ ያለ ውል ቢመጣ፣ ባለ ብዙ ገጹን እንግሊዝኛ አንብቦ እዚህ አንቀጽ ላይ ገበሬው ይጎዳል የሚል ሰው ወረዳው ላይ ማን አለ? እሺ፣ እርስዎ አሉ። ከእርስዎ በኋላስ?

መሐል ሜዳ፦

ጡረታዬን አስታወስሽኝ። እሺ።

እንግዲህ በጭፍን አትሂድ አልልም፤ ሁኔታ አስቀምጣለሁ። አንደኛ፣ ሳትነሳ ኮስት ሼሪንጓን ትዝጋና ዋናውን ዲግሪዋን እጇ ታስገባ። እዚያ ደርሳ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት አምጪ ቢሏት እናቷን ዩኒቨርሲቲ ለዩኒቨርሲቲ እንዳታንከራትት። ሁለተኛ፣ መመረቂያዋ ወፍ ዋሻ ላይ ይሁን። ጽድና ወይራው ለምን አይተካም የሚለውን ትሥራ። ሦስተኛ፣ ስትጨርስ ባማርኛ አሳጥራ ጽፋ አንድ ቅጂ ለወረዳው፣ አንድ ለቀበሌው ታስገባ። እስካሁን እዚህ መጥተው ስንት ሰዎች ለክተው ሄዱ! ዛፉ ላይ የቀለም ምልክት ትተውልን ነው የሄዱት፤ ውጤቱን አላየነውም።

ደብረ ብርሃን፦

በመጀመሪያውና በሦስተኛው እስማማለሁ። የቀለሙ ነገር እኔንም ያናድደኛል።

ሁለተኛው ላይ ግን አይጫኗት። እኔ ብሆን ባሕር ዛፍ ላይ ነበር የምሠራው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ስናማው ኖረናል፤ ገበሬው ግን መትከሉን አልተወም። ባሶና ወራና ወይ አንጎለላ ይውጡና ይዩ። ገብስ ይበቅልበት የነበረ መሬት ባሕር ዛፍ ሆኗል። የደን ባለሙያው ስለ ጽድ ይሰብካል፣ ገበሬው ለልጁ ሠርግ ባሕር ዛፍ ይሸጣል። ለምን? ማገሩንና ወራጁን ደላላው በስንት ገዝቶ አዲስ አበባ በስንት ያራግፈዋል? እንደ አዊ ዞን ባንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ተንጠልጥለን በሽታ ቢመጣብንስ? ፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ግራር ሲታመም ከሰል አክሳዩ ምን ላይ እንደወደቀ አይተናል። ወፍ ዋሻ የሚተርፈው ከደኑ ውጭ ያለው ሰው የሚቆርጠው ዛፍ ሲኖረው ነው። ስለዚህ ጥናቱ ከደኑ ውጭ ቢጀመር ምን አለበት?

መሐል ሜዳ፦

ባሕር ዛፍን ለማጥናት ስኮላርሺፕ ምን ያደርጋል? ቅዳሜ ገበያ ቆሞ መጠየቅ ነው።

እኔ ያልኩትን ብያለሁ። ጥናቷ ወፍ ዋሻ ላይ ከሆነ ዋስ ሆኜ እፈርማለሁ፤ ያንን ሰውዬ እያየሁም ቢሆን እፈርማለሁ። ባሕር ዛፍ ላይ ከሆነ ግን አንቺ ፈርሚላት።