የቀላል ክሪክ ክብደት

አሮጌው ክሪኬ 40 ኪሎ ይመዝናል። በጎማ እየተንከባለለ መኪና ሥር የሚገባ፣ እስከ 3 ቶን የሚያነሳ ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ ብረት። የገዛሁት በወጣትነቴ ስለሆነ ያኔ አንስቼ መኪና ላይ መጫኑን እንደ ስፖርት እቆጥረው ነበር። አሁን ግን ከማንሳቴ በፊት እንደማይታረቅ ባላንጣ ዙሪያውን እዞረዋለሁ፤ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ፤ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፤ ከዚያ ልጄን እጠራለሁ። ልጄም ወገቤን ያመኛል ይለኛል። ዕድሜው 19 ነው።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መኪናዬን ይዤ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ እሄዳለሁ። የምወዳደረው ከራሴ ሰዓት ጋር ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ይቀድመኛል። ሆኖም ጎማ መቀየርና የፍሬን ሸራ መተካት ስለማይቀር 40 ኪሎው አብሮኝ ይጓዛል። ባለፈው ሳወርደው ወገቤ ድምፅ አሰማ። አጠገቤ የቆመው ሰው ደንግጦ «ጎማ ፈነዳ እንዴ?» አለኝ። በዚያው ማታ ቀላል ክሪክ ለመግዛት ወሰንኩ።

ምክር መጠየቅ ስህተት ነበር። አንድ ወዳጄ ከ3 ቶን በታች የሚያነሳውን ክሪክ ብሎ አይጠራውም። የራሱ መኪና 1,100 ኪሎ ናት። ክሪክ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው የመኪናን አንድ ማዕዘን ወይም ቢበዛ ግማሹን እንጂ መላ አካሏን አይደለም። ይህን ስነግረው «ምን ይታወቃል፣ አንድ ቀን…» ይላል። አንድ ቀን ምን ሊያነሳ እንዳሰበ ግን አልነገረኝም። ቤቱን ሳይሆን አይቀርም።

እኔም ከእሱ አልተሻልኩም። አሉሚኒየም በእኩል መጠን ሲመዘን የብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው ሲባል ሰምቼ፣ 40 ለሦስት ሲካፈል 13 ብዬ በደስታ ተኛሁ። ለካ ሸክምን ተቋቁሞ አለመለመጡም የብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ክንዱንና ጎኑን አወፍረው ይሠሩታል፤ ፒስተኑና ዘንጎቹም ብረት እንደሆኑ ይቀራሉ። ባለ 3 ቶኑ አሉሚኒየም 25 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ከ12 እስከ 15 ኪሎ የሚመዝኑት አብዛኛውን ጊዜ ባለ 1.5 ቶን ናቸው። መኪናዬ 1,200 ኪሎ ስለሆነች 1.5 ቶን ይበቃኛል፤ ኩራቴ ግን ይህን ለመቀበል ሁለት ሳምንት ፈጀበት።

ቀጥሎ የቁመት ጉዳይ መጣ። የመኪናዬ ሆድ ከመሬት የሚርቀው 10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የክሪኩ ራስ ዝቅ ሲል ከ9 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። ይህን ሳይለካ ገዝቶ፣ ክሪኩ የሚገባበት ክፍተት ለመፍጠር ሌላ ክሪክ የተዋሰ ሰው አውቃለሁ።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የክሪኩ ጎማዎች ነገር ነው። የክሪክ ክንድ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ቅስት እየሠራ ነው የሚነሳው። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ክሪኩ በራሱ ጎማዎች ጥቂት መንከባለል አለበት። ጎማዎቹ ከተያዙ የክሪኩ ራስ መኪናውን ከደገፈበት ቦታ መንሸራተት ይጀምራል። ሮጬ ሄጄ አሮጌውን አየሁት፤ አራቱም ጎማዎች ዝገው ከአካሉ ጋር ተጣብቀዋል። ለዓመታት ያነሳኝ ዕድሌ ነበር ማለት ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ ዝገቱን ፋቅኩ፣ ግሪስ ቀባሁ። ስጨርስ በአንድ ጣት ስገፋው ጋራዡን አቋርጦ ሄደ። በራሴ ኮራሁ። (መቼም ጎማው ተንከባለለ ብሎ ክሪክ ብቻ ይዞት ከቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ካለ፣ ከእኔ ጋር አይቀልድ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ የሚይዘው ከተነሳ በኋላ ከመኪናው ሥር የሚቆመው መደገፊያ እግር ነው።)

አዲሱ መጣ። 14 ኪሎ። በአንድ እጄ አነሳሁት። ልጄም መጥቶ በአንድ እጁ አነሳው፤ ወገቡ ድኗል። ከዚያ ጎረቤቴ መጥቶ አነሳው፤ ይዞትም ሄደ።

ያን ጊዜ ነው የአሮጌው ክሪክ ትልቁ ጥቅም የገባኝ። 11 ዓመት ሙሉ ጋራዤ ውስጥ ሲቀመጥ ለጠየቀ ሁሉ «ውሰደው እንጂ፣ ያንተው አይደል!» እል ነበር። ጠያቂውም አንድ ጊዜ ይሞክርና ወገቡን ይዞ «ለሌላ ጊዜ» ብሎ ይወጣል። በሰፈሩ ለጋስ የሚል ስም ያተረፍኩት በዚህ መንገድ ነው።

ጎረቤቴ «ለአምስት ደቂቃ» ያለውን ክሪክ የመለሰው በዘጠነኛው ቀን ነው።

«እጀታውስ?» አልኩት።

«እሱ እንኳ አማቼ ጋ ነው። እሱም አምስት ደቂቃ ነው ያለኝ።»

ፓስካል በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለን ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲጫኑት ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል ብሎ ነበር። እንደ እኔው በዘይት ግፊት የሚያነሳ ክሪክ የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው፤ ውሰትም እንዲሁ። ለአንዱ ከሰጠህ ግፊቱ ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል። እሽቅድምድም ሜዳ ስደርስማ ከዚህም ባሰ። ክሪኩን ገና ከመኪናው ሳላወርደው የማላውቀው ሰው ተቀበለኝ፤ ሊያግዘኝ መስሎኝ አመሰገንኩት። በዚያን ቀን ክሪኬ ከእኔ የበለጠ ዙር ዞረ። ወደ ማታ ሳገኘው በሦስተኛ እጅ ላይ ነበር፤ የያዘው ሰው ደግሞ «ባለቤቱ ሳይፈልገው ቶሎ በለኝ!» እያለ ረዳቱን ያጣድፋል።

ቤት ስደርስ ሰንሰለት አወጣሁ። 14 ኪሎውን ከ40 ኪሎው ጋር አሰርኩት፤ ቁልፉን ትራሴ ሥር አስቀምጬ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ ማለዳ በመስኮት ብመለከት ጎረቤቴ የአሮጌውን እጀታ ጨብጦ፣ ሁለቱን ክሪኮች እንደ ጥማድ በሬ አጎዳኝቶ፣ በሲሚንቶው ላይ ያለ አንዳች ኮሽታ እየጎተተ ወደ ቤቱ ያመራል። ሲያየኝ ቆም አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ!» አለኝ። «ይሄ ትልቁማ እንዴት ያለ ለስላሳ ሆኗል! ግሪስ ቀባኸው እንዴ?»