እርማት፦ አገጭ ሲነካ አንገት መቃናቱ የማስመሰል ምልክት አይደለም

«አንገቱ የሚጠመዘዝበት ሰው አገጩን በጣቱ ሲነካ ቀና ካለ፣ ችግሩ ጭንቀት ነው፤ ቢፈልግ ይተወው ነበር» ላልከው ወንድሜ፦ ይሄ ስህተት ነው። ታማሚውንም በጣም ይጎዳል።

ስህተቱ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ብሪሶ በ1894 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ንክኪ አይቶ በሽታውን የአእምሮ ችግር አድርጎት ነበር። ዛሬ የአንገት ዲስቶኒያ እንለዋለን፤ ጡንቻ ያለ ፈቃድ የሚኮማተርበት የነርቭ ሕመም ነው።

አንጎል ትእዛዝ ብቻ አይሰጥም፣ መልስም ይቀበላል። ጡንቻ ውስጥ ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚለኩ ጥቃቅን ስሜት ተቀባዮች አሉ። ያለ ማቋረጥ ወደ አንጎል መረጃ ይልካሉ። በዲስቶኒያ አንጎል ይህን መረጃ የሚያስተናግድበት መንገድ ይዛባል። ንክኪው ሌላ መረጃ ይጨምርለታል እንጂ አንገቱን በጉልበት አይይዝም። እንዲያውም አንዳንዶች ጣታቸው ገና አገጫቸው ላይ ሳያርፍ አንገታቸው ይላላል!

ሌላም ማስረጃ አለ። ሲጽፉ እጃቸው የሚኮማተርባቸው ሰዎች (ይህም የዲስቶኒያ ዓይነት ነው) ጡንቻቸው በንዝረት ሲነካካ መኮማተሩ ሊነሳባቸው ይችላል። ከጡንቻው የሚወጣው መረጃ በቀጠነ የማደንዘዣ መድኃኒት ሲታፈን ደግሞ ይቀልላቸዋል።

ጭንቀት ያባብሰዋል፣ ልክ ነህ። ማባባስና ማምጣት ግን ለየቅል ናቸው።

ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ቦቶክስ የተባለው መርፌም «ጡንቻ ማድከሚያ ብቻ ነው» ሲባል እሰማለሁ። የሚወጋው ጡንቻ ላይ ነው፤ ግን እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ጠባይ ከመርፌው በኋላ ለጊዜው ሲስተካከል ታይቷል። 3 ወር ገደማ ሲሆነው ወደ ቀድሞው ይመለሳል።