የማን ልጅ ነው?

ባለፈው ዓመት ለንደን ውስጥ በአንድ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ከአንድ ትንሽ ቡናማ ፎቶ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ፎቶው የደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰውተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር በመውረድ ላይ ሳሉ በግንቦት ወር መንገድ ላይ ዐርፈዋል፤ እሱም በሐምሌ፣ ገና በሰባት ዓመቱ፣ ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት በታዋቂዋ ፎቶ አንሺ በጁልያ ማርጋሬት ካሜሩን ካሜራ ፊት ቀርቧል። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሣው እርጥብ ኬሚካል በተቀባ መስታወት ላይ ስለነበረ፣ ተነሺው ለብዙ ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች፣ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። አባትና እናቱን በአንድ ወር ልዩነት ያጣ ልጅ፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ ተብሎ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ይህን በአማርኛ የነገረው በሌላኛው ፎቶ አብሮት የተነሣው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ፣ የእኛ ሰዎች «ባሻ ፈለቀ» ያሉት፣ ሳይሆን አይቀርም።

ከፎቶው ሥር የተለጠፈው መግለጫ በመጀመሪያው መስመር የአንሺዋን ስም ከልደትና ከሞት ዘመኗ ጋር፣ በሁለተኛው የወረቀቱን ዓይነት፣ በሦስተኛው የልጁን ማንነት አስቀምጧል። የእናቱ ስም የለም። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ለጓደኛዋ ብርሃኑ በልጁ ፊት ላይ እንዴት እንዳረፈ፣ አንሺዋም ሴት ሆና በዚያ ዘመን ይህን ሙያ መያዟ ምን ያህል ድፍረት እንደ ጠየቃት ትነግራት ነበር። ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ ዓይኗም እንባ አቅርሮ ስላየሁ ልቧ አልተነካም ብዬ ላማት አልችልም። ሆኖም ከሃያ ዓመት በላይ በኖርኩበት በዚህ አገር ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር ያን ዕለት ይበልጥ ጎልቶ ታየኝ። እዚህ ሰው ዝነኛ ፎቶ ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን አነሣው?» ብሎ ነው። እኛ አገር ግን ለአንዲት እናት የማታውቀውን ሰው ፎቶ ብታሳዩአት መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነው።

ከዚያው አዳራሽ ሳልወጣ፣ አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ኒፖሞ፣ ካሊፎርኒያ፣ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር ያነሣቻትን እናት አየሁ። ሁለት ልጆች ፊታቸውን ከካሜራው አዙረው ትከሻዋ ላይ ተደፍተዋል፤ ሕፃኗ ዕቅፏ ውስጥ ተኝታለች፤ እሷ እጇን አገጯ አጠገብ አድርጋ ሩቅ ታያለች። (እናቴ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ካየችኝ «ምን ልትጠራብን ነው!» ብላ ትቆጣ ስለነበር፣ ይህን ፎቶ ባየሁ ቁጥር እጇን አንሥቼ ባወርድላት ደስ ይለኛል።) ላንግ ራሷ እንደ ጻፈችው የሴትየዋን ስምም ታሪኳንም አልጠየቀችም። ስሟ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኑ፣ ትውልዷም ከቼሮኪ ሕዝብ እንደ ነበር የታወቀው ፎቶው ዓለምን ከዞረ ከ42 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሴትየዋ ያን ጊዜ ለጋዜጠኞች የተናገረችው ምነው ባላነሣችኝ ኖሮ፣ አንዲት ሳንቲም እንኳ አላገኘሁበትም፣ ስሜንም አልጠየቀችኝም የሚል ነበር። በእ.ኤ.አ. 1998፣ እሷ ከሞተች ከ15 ዓመት በኋላ፣ የአሜሪካ ፖስታ ፊቷን በ32 ሳንቲም ቴምብር ላይ አተመው።

ይህን ሳስብ መናገር የምደፍረው፣ የዚያ ፎቶ ኃይል በከፊል የመጣው ስም ስላልነበራት ነው። ስም ቢኖራት ኖሮ የአንድ ቤተሰብ ጭንቀት ትሆን ነበር፤ ስም ስላልነበራት የዚያ ሁሉ የድህነት ዘመን እናት ሆነች። ተመልካቹ ባዶውን ቦታ በራሱ እናት፣ በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል። ስሟ አለመጠየቁ ለፎቶው በጀው፤ ለሴትየዋ ግን አልበጃትም።

የእኛም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የኬንያው ካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከኮረም ያመጡት ምስል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያን ምስል እኔ መጀመሪያ ያየሁት ለንደን ከመጣሁ በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው። ንጋት ነው፤ ጭስና ጉም በሜዳው ላይ ተኝቷል፤ በጋቢና በቡትቶ የተጠቀለለው ሕዝብ እስከ ዓይን መድረሻ ተዘርግቷል። ማን እንደ ተኛ፣ ማን እንደ ሞተ ከሩቅ አይለይም። በርክ ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረኃብ ጋር አመሳስሎ ተናገረ፤ ከወር በኋላ የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው ለእርዳታ ዘፈኑ፤ በሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዌምብሌይና በፊላደልፊያ ታላቁ ኮንሰርት ሆነ።

የሥራ ባልደረባዬ የሆነ አንድ እንግሊዛዊ ከየት እንደ መጣሁ በነገርኩት ዕለት፣ በልጅነቱ የኪሱን ገንዘብ ከቆርቆሮ ባንኩ አውጥቶ ለኢትዮጵያ እንደ ሰጠ፣ ያን ምስል ሲያይም እንዳለቀሰ አጫወተኝ። በቅንነት ነው የነገረኝ። አመሰገንኩት፤ በማን ስም እንደማመሰግነው ግን ለራሴም አልገባኝም። አርባ ዓመት ሙሉ የአንድ ሕፃን ፊት በልቡ ይዞ ኖሯል፤ ስሙን አያውቅም፤ ይሙት ይዳን አያውቅም። እኛ ስደተኞች በዚያ ፊት ምክንያት ስንቀየም ኖረናል፤ በየሐበሻ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ አበበ ቢቂላ በሮም ሌሊት በባዶ እግሩ ሲሮጥ የሚያሳየውን ፎቶ የምንሰቅለው እኮ ሌላኛውን ፎቶ እንዲሸፍንልን ነው። ቅያሜያችን አይፈረድበትም፤ ግን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቅን አይደለም።

ቅን አይደለም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት በዚያው መስከረም አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ታከብር ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ቀይ ጨርቅ የለበሱትን ቅስቶች፣ ሰልፉንና መብራቱን ነው። መንግሥት የውጭ ጋዜጠኞችን ከበዓሉ በፊት ወደ ሰሜን አላሳለፈም። ስለዚህ የገዛ ወገናችንን ፊት ከእኛ በፊት እንግሊዝ አየችው። «የማን ልጅ ነው?» ብለን እንጠይቃለን ብዬ ስኮራ፣ ያን ጊዜ ጠያቂው ማን ነበር ብሎ የሚሞግተኝ ድምፅ ከውስጤ አይጠፋም። ሞሐመድ አሚን ቢያንስ ሄዶ አይቷል። ይህ ሰው በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጥቷል፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞቷል። ከአገራችን ጋር የነበረውን ሒሳብ በአካሉና በነፍሱ ስለከፈለ፣ ስሙ ከፎቶው ሥር አንደኛ መስመር ላይ ቢጻፍ አልቀየምም።

አንድ ምስል ከአገር አገር ሲሻገር ሥራውን እንደሚለውጥ ደግሞ ከዚያ ቀደም ያለው ረኃብ ያሳየናል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ከወሎ ያቀረበው ፊልም በእንግሊዝ የእርዳታ ገንዘብ አሰባሰበ። ያው ፊልም ከዓመት በኋላ፣ በዘመን መለወጫ ማታ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ድግስና ውሻ ሲቀልቡ የሚያሳይ ምስል ተቀላቅሎበት በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። እዚያ ርኅራኄ ያስነሣው ምስል እዚህ ዙፋን ለመገልበጥ ዋለ። የወሎን ረኃብተኛ ስም ግን እዚያም እዚህም የጠየቀ የለም።

አገር ቤት ፎቶ ትልቁን ሥራውን የሚሠራው በለቅሶ ነው። የሟች ፎቶ በመስታወት ተደርጎ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ አልቃሾች አንሥተው ይይዙታል፣ ያነጋግሩታል፣ ይወቅሱታል፤ ሙሾው የሚወርደው ለእሱ ነው። ለንደን ላይም አልተውነውም፤ አንዱ መርዶ በመጣ ቁጥር ከአገር ቤት በቫይበር የተላከች ደብዛዛ ፎቶ በጥድፊያ ትልቅ ሆና ታትማ፣ በተከራየነው አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ በሻማ መካከል ትቆማለች። አዳራሹን ያከራየን ሰው አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሞ ሲያየን፣ ሰዎች ለወረቀት እንዲህ ሲናገሩ በማየቱ መደንገጡን ፊቱ ላይ አንብቤያለሁ። እሱ ያደገው ፎቶን እጅን አጣምሮ በዝምታ በማየት ነው።

ይህንን ባህላችንን በትልቁ ያየሁት አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የወጣቶች ጉርድ ፎቶ ነው። ለተማሪ መታወቂያ፣ ለፈተና፣ ለቀበሌ የተነሡ ናቸው፤ አንሺያቸው የሰፈር ፎቶ ቤት ነው፤ የአንዱንም አንሺ ስም የጻፈ የለም። አስከሬን ለብዙ ቤተሰብ ስላልተሰጠ፣ ያቺ አራት ማዕዘን ወረቀት የመቃብርን ቦታ ተክታ ኖራለች። በዚያው ቤት ሊቀ መንበር መንግሥቱ በ1969 ዓ.ም. ቀይ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ አደባባይ ላይ ሲወረውሩ የተነሡት ዝነኛ ፎቶም አለ፤ የውጭ አገር ጎብኚዎች ከእሱ ፊት ይቆማሉ፣ አገሬው ደግሞ ጉርድ ፎቶዎቹ ዘንድ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን ወደዚያ ወሰድኳቸው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸውን በ1970 ዓ.ም. ነው ያጡት፤ ጉርድ ፎቶውን ዓመታት በዳዊታቸው ውስጥ ደብቀው ኖረው፣ ቅጂውን ለሙዚየሙ ሰጥተዋል። በዘመኑ ራሱ ታስሮ የነበረው አስጎብኚ «እማማ፣ የትኛው ነው?» ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው በቀጥታ አልሄዱም። ከግድግዳው ጫፍ ጀምረው እያንዳንዱን ፊት እያዩ፣ ይህ የጎረቤታችን የእገሊት ልጅ ነው፣ ይህ ከእሷ ማዶ ያሉት የአቶ እገሌ የመጨረሻ ልጅ ነው እያሉ፣ የማያውቁትንም «የማን ልጅ ነው?» ብለው አስጎብኚውን እየጠየቁ፣ ልጃቸው ዘንድ ሲደርሱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። እሱን ዐይተው ብዙ አልቆዩም። «አንገቱን ማቀርቀር አይወድም ነበር» ብቻ አሉ።

ወጥተን ደረጃው ላይ ስናርፍ፣ ለምን እንዳደረግኩት ባላውቅም፣ የደጃዝማች ዓለማየሁን ፎቶ ከስልኬ ላይ አሳየኋቸው።

«የማን ልጅ ነው?»

«የዐፄ ቴዎድሮስ ነው፣ እትዬ።»

«እናቱስ?»

«እቴጌ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ወደ እንግሊዝ ሲወስዱት መንገድ ላይ ሞቱ።»

በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ በምትባል ከተማ በሕመም እንደ ሞተ፣ ዊንድዘር ላይ በነገሥታቱ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተቀበረ፣ በመታሰቢያው ናስ ላይም «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለው የወንጌል ቃል እንደ ተጻፈ፣ አፅሙ ይመለስልን ሲባል ሌሎች ሙታንን ሳንረብሽ አይወጣም እንደ ተባለ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ማን አለቀሰለት?»

ንግሥት ቪክቶሪያ መሞቱን በሰሙ ዕለት፣ አንድ ዘመድ እንኳ በሌለበት በባዕድ አገር ብቻውን መቅረቱ እጅግ እንዳሳዘናቸው በማስታወሻቸው መጻፋቸውን አነሣሁላቸው። አክስቴ ሰምተው ዝም አሉ። የስልኩን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ፊቱን ለማየት ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ ትንሽ ቆይቶ በእጃቸው ላይ እንዳለ ጠፋ።

«መልሰህ አብራው» አሉኝ።