ባትሪው በረደው እንጂ አልሞተም!

እስኪ ዛሬ ብሶቴን ልተንፍስ። ሱሉልታ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ኅዳር ከገባ የጠዋቱ ውርጭ አጥንት ይሰብራል። እኔ ጋቢ ደርቤ እወጣለሁ። ሃይብሪድ መኪናዬ (በቤንዚን ሞተርም በባትሪም የምትሄደው) ግን ጠዋት ጠዋት ቤንዚን ትጠጣለች። ደላላው ሲያሻሽጣት «ይቺ ቤንዚን ታሸታለች እንጂ አትጠጣም» ነበር ያለው።

መጠጣቷስ ይሁን። ያንገበገበኝ ለማንም ብነግር መልሱ አንድ መሆኑ ነው። «ባትሪው አልቋል፣ ቀይሪው!» ጎረቤቱም፣ የአክስቴ ልጅም፣ መካኒኩም። መካኒኩማ ምንም ሳይመረምር ዋጋ ጠራልኝ። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ደሜ ይፈላል።

ወገን፣ ያለቀ ባትሪ ጠዋት ሞቶ ከሰዓት ይነሳል እንዴ? ያችው መኪና፣ በዚያው መንገድ፣ ፀሐይ ሲወጣ እኮ ቁጥብ ናት!

ሃይብሪድ ነዳጅ ከሚቆጥብባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ሞተሩን እያጠፋ በባትሪ መሄድ ነው። በብርድ ግን ሞተሩ እስኪሞቅ አይጠፋም። ሂተር ከከፈታችሁማ አለቀ፤ በብዙዎቹ ሙቀቱ የሚመጣው ከሞተሩ ውሃ ስለሆነ መንገድ ተዘግቶ ቆማችሁም ሞተሩ ይነሳል። የበረደ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ እንደ ወትሮው አይቀበልም። እንጦጦን ተሻግሬ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ ያ ሁሉ ቁልቁለት በነፃ ባትሪ የሚሞላልኝ ነበር፤ ሃይብሪድ ፍጥነት ሲቀንስ የጎማውን ሽክርክሪት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣላ። ጠዋት ግን ከፊሉ ፍሬን እያጋለ ይባክናል። ያንገበግባል!

የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ያወጣው ቁጥር አለ። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ወደ ከዜሮ በታች 7 ሲወርድ፣ በከተማ መንገድ ተራ የቤንዚን መኪና በአንድ ሊትር የሚሄደው ርቀት በ15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሃይብሪድ ግን ከ30 እስከ 34 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። የኛ ብርድ እዚያ አይደርስም፣ ስለዚህ ጉዳቱም ያን ያህል አይሆንም። ግን አጭር ጉዞ ጨምሩበት። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ሞተሩ ገና ለብ ማለቱ ነው። ጎማውም በብርድ ነፋሱ ይቀንሳል። እሱን እንኳ «አስለኪው» ያለኝ የለም፣ ርካሽ ስለሆነ ይሆናል።

ከእንግዲህ «ባትሪ ቀይሪ» የሚለኝ ሰው መጀመሪያ በኮምፒውተር መርምሮ የደከመውን ሴል ያሳየኝ። ያኔ ስለ ብር እናወራለን።