ፍሬቻህን አብራ፣ ቅድሚያ ስጥ

የሰሜን ሸዋ ሾፌሮች፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ባጃጅ የያዝክ፣ ሚኒባስ የያዝክ፣ አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ የቤት መኪና የያዛችሁ ሁሉ። ቢከፋችሁም አንብቡት። የከፋው ሰው ይሰድበኝ፣ ችግር የለም፣ ግን አንብቦ ይስደበኝ።

እኛ እኮ ሰው አክባሪ ነን። ታላቅ ሲመጣ «ኖር» ብለን ብድግ እንላለን። በር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ከተገናኙ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይግቡ» ሲባባሉ ቤት ውስጥ ወጡ ይቀዘቅዛል። ለቅሶ ቤት ወንበሩን የማይለቅ ወጣት ብናይ ማን አሳደገው እንላለን። ያው ሰው መሪ ሲጨብጥ ግን ምን እንደሚነካው እንጃ። ዜብራ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው በከዘራ የሚሻገሩ አባት ላይ ክላክስ የሚያንባርቀው ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቢያገኛቸው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ የሚለው ልጅ ነው እኮ! እውነቴን ነው፣ ይሄ ነገር አልገባ ብሎኛል።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ልታደርጉ ያሰባችሁትን አስቀድማችሁ አሳዩ። ተራው የሌላው ሲሆን ደግሞ ጠብቁ። በቃ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏልም። ደንብ አጥተን አይደለም። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ሁላችንም ተምረነዋል፣ ተፈትነንበታል። ትራፊክ ፖሊስ ሲታየን ትዝ ይለናል፣ ኩርባውን ስናልፍ ይጠፋብናል።

ከፍሬቻ ልጀምር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች፤ አስፋልት ላይ ባለመናገር የሚቀረው ግን ነፍስ ነው። አንተ ወደ ግራ ልትታጠፍ ማሰብህን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ከኋላህ ያለው ሚኒባስ አያውቅም። ፊት ለፊት የሚመጣው አይሱዙ አያውቅም። ጠርዝ ይዛ የቆመችው ተማሪም አታውቅም። ብዙዎቻችን ደግሞ ፍሬቻ የምናበራው መሪውን ማዞር ከጀመርን በኋላ ነው፣ ያ ደግሞ ምንም አይጠቅምም፣ መታጠፍህን ያኔማ በዓይናችን እያየነው ነው።

እስቲ አንዴ እናስላው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በ1 ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ከኋላህ ያለው ሰው አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ 1 ሰከንድ አለፍ ይልበታል፣ መኪናው ደግሞ ፍሬን ስለተረገጠ ብቻ እዚያው ቀጥ አይልም። 3 ሰከንድ ቀድመህ ብታበራለት 50 ሜትር ሰጠኸው ማለት ነው። 50 ሜትር ብዙ ነው። ሰው የሚተርፍበት ርቀት ነው። ጣት ለምታክል ነገር፣ ከመሪው እጅህን እንኳን ሳታነሳ ለምትነካት ነገር፣ ምን ያስሰስትሃል?

የደብረ ብርሃን ጠዋት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ይሮጣል፣ ተማሪው አለ፣ ፋብሪካ ገቢው አለ፣ ኩበት የጫኑ አህዮች ከገጠር ይገባሉ፣ ጋሪው ጥጉን ይዞ ያዘግማል። በዚህ መሀል ከሚኒባሱ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ይባላል። ሾፌሩ ወደ ቀኝ ክንብል ይላል። ፍሬቻ የለ፣ ስፖኪዮ ማየት የለ። በቀኙ በኩል የነበረው ባጃጅ ፍሬን ይዞ ቦይ አፋፍ ላይ ይቆማል፣ ከኋላ የተቀመጡት እናት የያዙት እንቁላል ይሰበራል፣ ሚኒባሱ ግን ወራጁን አውርዶ ሄዷል። ምን እንዳደረገ እንኳን አላወቀም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው፣ አለማወቁ። እናንተም ተሳፋሪዎች ከዚህ አትወጡም፤ ደጃፋችሁ ላይ ካልወረድን ብላችሁ ድንገት አትጩሁ፣ ፌርማታው ጋ ብትወርዱና 30 እርምጃ ብትሄዱ ምንም አትሆኑም።

ወደ ግራ መታጠፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጉድ ያለው እዚያ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው። ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል። ቀድመህ ፍሬቻ ታበራለህ፣ ስፖኪዮህን ታያለህ፣ ወደ መሀል መስመሩ ትጠጋለህ፣ ከዚያ ቆመህ ትጠብቃለህ። ስትጠብቅ ታዲያ ጎማህ ቀጥ ብሎ ይሁን። መሪውን አስቀድመህ ወደ ግራ አዙረህ ከቆምክና ከኋላህ አንዱ ቢገጭህ፣ መኪናህ የሚገፋው በቀጥታ ከፊት በሚመጣው መኪና መስመር ላይ ነው። ይሄን ስንት ሰው ያውቃል? የሚያውቀውስ ስንቱ ያደርገዋል?

ወደ አንኮበር የሚያስገባው መገንጠያ አጠገብ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጆንያ የጫነ አይሱዙ ግራ ፍሬቻውን አብርቶ ቆሟል፣ ሥርዓቱን ጠብቆ። ከኋላው የነበረው ሚኒባስ መቆም አልወደደም። ክላክሱን አንዴ ነፋና በግራ በኩል ደርቦ ወጣ። አይሱዙው ከፊቱ የነበረው መኪና አልፎለት መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ሁለቱም ፍሬን ያዙ፣ በመሀላቸው የቀረው ክፍተት ክንድ አይሞላም። የሚኒባሱ መስታወት ላይ የአንድ ልጅ መዳፍ ተለጥፎ አይቻለሁ። ሾፌሩ ወርዶ ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። አልወረደም። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የአይሱዙውን ሾፌር «አታይም እንዴ?» አለው! ወንድሜ፣ ግራ ፍሬቻ ያበራን መኪና በግራ አይቀድሙትም። እሱ ተናግሯል። አንተ ነህ ያልሰማኸው።

ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም፣ ሁላችንም የፈጠርነው ችግር አለ። በየአውራ ጎዳናው ፍሬቻን ለሌላ ወሬ ለምደነዋል። አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር ቀኝ ፍሬቻ ሲያበራ «ቅደመኝ፣ ፊት ለፊት ነጻ ነው» ማለቱ ነው። ሌላው ቀኝ ሲያበራ ጥግ ይዞ ሊቆም ነው። አንዱ ግራ ሲያበራ «እንዳትመጣ» ነው የሚልህ፣ ሌላው በእውነትም ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው። መብራት ብልጭ ማድረግም እንደዚያው፣ ለአንዱ «እለፍ» ነው፣ ለሌላው «መጣሁልህ፣ ዞር በል»። አንድ ምልክት ሁለት ትርጉም ካለው በግምት እየነዳን ነው ማለት ነው። ደግ አስባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከኋላ የተሰለፈውን ለመርዳት ነው። ግን ይቅርባችሁ። ፍሬቻ መታጠፍንና መስመር መቀየርን ብቻ ይናገር። አንተም ቀዳሚው፣ ሌላ ሰው ቅደም ስላለህ ብቻ አትውጣ። መንገዱን በገዛ ዓይንህ ካላየኸው አትቅደም። ብትጋጭ እሱ አይጠየቅልህም።

ጣርማ በርን ሳላነሳ አላልፍም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ነህ። ይሄ ሁሉ ቁልቁለት በአንድ ቀጣይ መንገድ ነው። ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ከፊትህ ያለው ተሳቢ ይጠፋብሃል። እዚያ ላይ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርተው የሚነዱ አሉ። ደግ የሠሩ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ከበራ ግን ወዴት እንደምትዞር ማን ያውቃል? የሚያየውስ ሰው ቆመሃል ብሎ ቢያስብ? ሁለቱንም የምታበራው ተበላሽተህ ስትቆም ነው። በጉም የሚያስፈልግህ አጭር መብራት ነው፤ ረጅሙ ጉሙ ላይ ነጥሮ ራስህን ነው የሚያሳውርህ። ፍሬቻህን ደግሞ ለመታጠፊያው አስቀምጥልን።

ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት መኪና ዳገቱ ላይ ቢገናኝ፣ ለሚወጣው ይለቀቃል። ምክንያት አለው። ተጭኖ ዳገት የሚወጣ መኪና አንዴ ከቆመ ለመነሳት መከራውን ያያል፣ ወደ ኋላም ሊንሸራተት ይችላል። የሚወርደው ቆሞ መጠበቅ ይቀለዋል፣ በእርግጥ ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ከወረደ ነው። በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል፣ እንዲህ ያለው ቅድሚያ ልስጥ ቢልም አይችልም። ስለዚህ ቅድሚያ መስጠት የሚጀምረው ዋሻው አፍ ላይ ማርሽ ስትቀንስ ነው። የሚወርድ ከባድ መኪና ፍሬን እንዳቃተው ካወቅህ ግን የኔ መብት ነው ብለህ አትገትር፣ ሽሽለት።

አደባባይ ላይ ያለው ሕግ አጭር ነው፤ ገቢው ውስጥ ለሚዞረው ይጠብቃል፣ ማለትም በግራህ በኩል ለሚመጣው። ልትወጣ ስትል ቀኝ ፍሬቻ። ይሄው ነው። ከኮረኮንች ወደ አስፋልት የምትገባም እንደዚያው፣ አስፋልቱ ላይ ያለው ይቀድማል፣ አፍንጫህን አስገብተህ አታስገድደው።

የባጃጅ ልጆች፣ እናንተን አንድ ነገር በተለይ ልምከራችሁ። ተሳቢ የጎተተ መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ ይላል። ያኔ በቀኙ በኩል ክፍት ቦታ ይታያችኋል። ያ ቦታ ወጥመድ ነው! የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፣ ጥጉን ቆርጠው ነው የሚያልፉት፤ ሾፌሩ ደግሞ በዚያ በኩል አያያችሁም። ቀኝ ፍሬቻ ካያችሁ ከኋላው ቁሙ። ስትዞሩም እንደ ልባችሁ መሀል አስፋልት ላይ አትዙሩ። ሦስት እግር ስላላችሁ ሁሉም ቦታ ይበቃችኋል፣ አውቃለሁ፣ ግን ኋላችሁ የሚመጣው መኪና እንደናንተ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም።

እግረኛውስ? የምትታጠፍበትን መንገድ እያቋረጠ ያለ እግረኛ ቅድሚያ አለው። ማታ የፋብሪካ ፈረቃ ሲለቀቅ ደብረ ብርሃን ላይ ሴቶቹ በጨለማ ተከታትለው ሲሄዱ እያያችሁ ጠርዙን ታክካችሁ አትለፉ። በሞላሌና በመሐል ሜዳ በኩል የምትሄዱም፣ በግ የሚነዳ እረኛ መንገድ ላይ ስታገኙ ክላክስ አትንፉበት፤ በጉ ይበረግጋል፣ ልጁ በጉን ሊይዝ ይሮጣል፣ የሚገባውም ጎማችሁ ሥር ነው። በመላው ዓለም ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከበሽታው ሁሉ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። እረኛውና ተማሪዋ እዚያ ቁጥር ውስጥ ናቸው።

«ሌላው ሳይሰጥ እኔ ብቻ ብሰጥ ሞኝ እባላለሁ» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ተባል! ስንቱ ጮሌ ነው ጣርማ በር ገደል ውስጥ የገባው። ቅድሚያ የሰጠኸው ሰው እጁን ያነሳልሃል፣ ቀጥሎ ያለው አይቶ ይለቃል፣ ሳምንት ሳይሞላ አንድ መገንጠያ ላይ ልማዱ ይቀየራል፣ ይሄን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። ከኋላህ ያለው ክላክስ ቢያስጮህብህም አትደናበር። የቸኮለው እሱ ነው፣ መሪው ያለው አንተ እጅ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራ። ነገ ጠዋት ሞተር ስታሞቁ መኪናውን አንዴ ዙሩት። የመብራቱን ጭቃ በጨርቅ ጥረጉ። ግራውንም ቀኙንም አብሩ፣ ረዳት ያለው ረዳቱን ከኋላ አቁሞ ይጠይቀው። ፍሬቻው ከወትሮው ፈጠን ፈጠን ብሎ ብልጭ ካለ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ አምፖል ተቃጥሏል ማለት ነው፣ ጋራዥ እስክትገቡ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ቀይሩት። የባጃጅ ባለቤቶች ደግሞ ማታ ማታ ከልጁ ገቢ ስትቀበሉ ፍሬቻው ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ካልሠራ የአምፖሉን ከገቢው ላይ ቀንሱለት እንጂ ከእሱ ኪስ አትጠብቁ።