ያሰረው እጅ ራሱ አይፈትሽ

ጆን ዋልተን የአሜሪካው ግዙፍ የሱቆች ኩባንያ የዎልማርት መሥራች የሳም ዋልተን ልጅ ነበር። ሀብቱን ፎርብስ መጽሔት 18.2 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2005 ቀትር ላይ፣ በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ከሚገኘው የጃክሰን ሆል አውሮፕላን ማረፊያ ትንሿን አውሮፕላኑን ብቻውን ይዞ ተነሳ። ብዙም ሳይርቅ ወደቀና ሞተ። ዕድሜው 58 ነበር።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ "ሀብታም ሲቀብጥ" ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ሰውየው ግን ጀማሪ አልነበረም። ቬትናም ዘምቶ ሲልቨር ስታር የሚባለውን የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸልሟል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በአውሮፕላን እርሻ ላይ መድኃኒት ረጭቷል። ይህ ሥራ ለመሬት ቀርቦ፣ ዛፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ እያመለጡ መብረር ነው።

አውሮፕላኑ ሲጂኤስ ሆክ አሮው ይባላል። በአሉሚኒየም ቱቦና በጨርቅ የሚሠራ፣ ሰዎች በተለምዶ አልትራላይት የሚሉት ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ሞተሩን ነው። ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ የአንዳንዶቹ ሞተሮች መመሪያ ራሱ "በድንገት ሊጠፋ ይችላል" ብሎ ያስጠነቅቃል። ግን ሞተር ቢጠፋም አውሮፕላኑ ይንሳፈፋል፤ ሜዳ ፈልጎ ማሳረፍ ይቻላል። ዋልተንን የገደለው ሌላ ነው።

የአብራሪው መሪ ከአንድ ቱቦ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ ወደ ጅራቱ የሚሄድ ገመድ አለ፤ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል የሚያንቀሳቅሰው ይህ ገመድ ነው። ቱቦው እንዳይንሸራተት የሚይዙት ቀለበቶች ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሲመረምር የኋላዋ ቀለበት ላልታ አገኛት። ቱቦው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ገመዱ ረገበ። የብስክሌት ፍሬን ገመዱ ሲረግብ እጀታውን እስከ መጨረሻው ብትጨብጡም ጎማው አይያዝም፤ እንደዚያ ማለት ነው። ልዩነቱ ከብስክሌት ዘሎ መውረድ ይቻላል።

ቀለበቷን ፈትቶ በትክክል ሳይመልስ የቀረው ራሱ ዋልተን ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ እያለው መካኒክ አጥቶ አይደለም። በእጁ መሥራት የሚወድ ሰው በእጁ ይሠራል፤ እኔ በዚህ አልፈርድበትም።

የምሟገተው ከሥራው በኋላ ስላለው ነገር ነው። በአሜሪካ ደንብ በግለሰብ የተገጣጠመ አውሮፕላን በዓመት አንዴ ይፈተሻል። በመሃል ግን ባለቤቱ የፈለገውን ፈትቶ ቢያስር ከልካይ የለውም። ከ115 ኪሎ ብዙም የማይዘሉት ባለ አንድ መቀመጫዎች ደግሞ በ1982 በወጣው ደንብ መሠረት የአብራሪ ፈቃድም አይጠየቅባቸውም። ትልልቆቹ አየር መንገዶች ዘንድ ግን መሪን የሚነካ ሥራ ሲሠራ፣ የሠራው ሰው ራሱ መርምሮ አይፈርምም። ሌላ ሰው መጥቶ ያየዋል። ይህ መካኒኩን መናቅ አይደለም። እኔ ራሴ ጽሑፌን አምስቴ አንብቤ ልኬ፣ ሲታተም "ነው ነው" የሚል አግኝቼበት አውቃለሁ። ዓይኔ ያነበበው የጻፍኩትን ሳይሆን ያሰብኩትን ነበር።

ስለዚህ ነፃነቱ ይነጠቅ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፦ መሪን፣ ገመድን ወይም ጅራትን የነካ ሰው ሌላ ሰው አይቶ በመዝገቡ ላይ ሳይፈርም አይነሳ። "ገጠር ሜዳ ላይ ማንን አገኛለሁ?" የሚል ይኖራል። ሌላ አብራሪ ይበቃል። መካኒክ መሆን የለበትም። ባትሪ ይዞ መቀመጫው ሥር ይጎንበስ፣ ቱቦውን ወደ ኋላ ይግፋና "ይቺን የያዛት ምንድነው?" ብሎ ይጠይቅ።