ቀዩን ቁልፍ ተጭናችሁ የቀዳችሁት ካሴት የት ነው ያለው?

ፌስቡክ ላይ የድሮ ቴፕ ፎቶ ሲለጠፍ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ይታወቃል። አንዱ «ይሄ እኮ እኛ ቤት ነበር» ይላል። ሌላው የሚወደውን ዘፋኝ ይጠራል። አንዱ ደግሞ «የካሴት ድምፅ ዛሬ የት ይገኛል!» ብሎ ይቆዝማል። እኔም አንዳንዴ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ግን ወሬው ሁልጊዜ በዘፈን ተጀምሮ በዘፈን ማለቁ ይገርመኛል። ዘፈኖቹማ አብዛኞቹ አሉ። ዩቲዩብ ላይ ከነግጥማቸው ተጭነዋል። እየጠፋ ያለው በዚያ ቴፕ እቤታችን ቁጭ ብለን የቀዳነው የራሳችን ድምፅ ነው።

እኛ ቤት መጀመሪያ የገባው ቴፕ ባለ ሁለት ስፒከር ናሽናል ነበር። አክስቴ ከጅዳ ለእረፍት ስትመጣ ነው ያመጣችው። ቡፌው ላይ የክብር ቦታ ተሰጠው። እናቴ በልኩ ዳንቴል ሠራችለት። አባቴ ካልፈቀደ የሚነካው የለም። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ይገለጣል፣ እንግዳ ሲሄድ ይሸፈናል። በመብራትም በባትሪ ድንጋይም ይሠራል። ድንጋዩ ግን ትልልቁ ስለሆነ፣ ብዛቱም ስለማይቻል፣ መብራት ሲሄድ እንኳ ቶሎ አይገባለትም። የደከመው ድንጋይ አይጣልም። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራና አንድ ሁለት ዘፈን ያዘፍናል።

ቴፑ ካሴት ሲበላ ደግሞ መርጦ የሚወደደውን ነው የሚበላው። ክሩ ተጎልጉሎ ሲወጣ በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንን እንመልሰዋለን። ከተበጠሰ በእህቴ ኩቴክስ እንቀጥለዋለን። በዚያ ሰፈር ካሴት መቀጠል የማይችል ልጅ አልነበረም።

ፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። መጀመሪያ የታሰበውም በዋናነት ንግግር ለመቅዳት ነበር፤ የሙዚቃው ነገር ኋላ የመጣ ነው። ከእሱ በፊት እኛ ጋ የነበረው ሸክላ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በብቸኝነት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የራሱን ሸክላ አሳተመ። ሌላው አሳታሚ ዓሊ ታንጎም ተከተለው። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊት ጭፈራው ተዳከመ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ የሸክላ ኅትመት ቆመና ገበያው የካሴት ሆነ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ይተርከዋል፤ የሚተርከው ግን ከዘፋኙና ከአሳታሚው ወገን ነው። ለእኛ ቤት ትልቁ ለውጥ ሌላ ነበር። ሸክላ ገዝተህ ታዳምጣለህ እንጂ እቤትህ አትቀርጽበትም። ካሴት ግን ቀዩን ቁልፍ ከመክፈቻው ጋር አንድ ላይ ከተጫንክ ያንተን ድምፅ ይይዛል። ፊደል ያልቆጠረችው አያቴም በዚያው ቁልፍ ደብዳቤ ላከች።

አዎ፣ ደብዳቤ። የውጭ አገር ስልክ ውድ ነበር። በጽሑፍ ላኪ ብትባል ጽሑፉን የሚጽፍላት ሌላ ሰው ነው፤ ምስጢሯን ደግሞ ለጸሐፊ አትነግርም። ስለዚህ ወደ ጅዳ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ካሴት ይቀዳል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤተሰቡ ይሰበሰባል። በር ይዘጋል። አባቴ ቁልፉን ይጫንና በእጁ «በሉ» ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ከሞላ ጎደል በሰላምታ ነው የሚያልቀው። አያቴ እንደ ስልክ ነበር የምታወራው። «ደህና ነሽ ወይ ልጄ? ትበያለሽ ወይ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል?» ብላ ትጠይቅና ዝም ትላለች። መልሱን ትጠብቃለች። አባቴ «እማማ፣ አሁን አትመልስም እኮ» ሲላት ይሰማል። «አውቃለሁ! እስክትመልስ ጊዜ ልስጣት ብዬ ነው» ትላለች።

ከተረፉን ካሴቶች አንዱን በቅርቡ ሰማሁት። የገረመኝ ከንግግሩ በስተጀርባ ያለው ነው። ቡና ይወቀጣል። ዶሮ ይጮኻል። ውጭ አንዱ «እንትና!» እያለ የጎረቤት በር ይደበድባል። የከሰል ዋጋ ይነሳል፣ የጤፍ ዋጋ ይነሳል፣ ማን እንደወለደች ማን እንዳረፈ ይነገራል። አያቴ የምትናገርበት አማርኛ ዛሬ እኛ ቤት የለም። ልጆቼ ሲሰሙት ግማሹን አልገባቸውም። ያን ጊዜ እንዴት ይወራ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የት ይገኛል? ሬዲዮ ጣቢያው ያስቀመጠው የሬዲዮ ጋዜጠኛ አማርኛ ነው። ሴትየዋ ጓዳዋ ውስጥ ለልጇ ያወራችውን ያስቀመጠ የለም፤ ካሴቱ ካልሆነ።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። ለቤይሩት፣ ለጅዳ፣ ለሮም፣ ለዋሽንግተን ካሴት የላከ ቤት ብዙ ነው። የሠርግ ዘፈን የቀዳ አለ። የልጁን ሀሁ የቀዳ አለ። የኔታ ዜማ ሲያስተምሩ ከእግራቸው ሥር ቴፕ ያስቀመጠ ተማሪ አለ። ለቅሶ ላይ የአልቃሿን ግጥም የቀዳም አለ፤ ያኔ ነውር ነው ተብሎ ይሆናል፣ ዛሬ ግን ወርቅ ነው።

የካሴት ክፉ ጠባዩ በላዩ መቀዳቱ ነው። ከጀርባው ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ከተሰበሩ አዲስ አይቀዳም። ካልተሰበሩ ግን ማንም ይደርብበታል። ቢሰበሩም ቀዳዳውን በወረቀት መወተፍ ነው፣ ያው ይቀዳል። ታላቅ ወንድሜ ከሬዲዮ የሰማውን ዘፈን አያቴ ድምፅ ላይ ቀዳበት። ባዶ ካሴት መግዣ ገንዘብ የለም፣ ምን ያድርግ። ዘፈኑን ዛሬ ስልኬ ላይ ፈልጌ በቅጽበት አገኘዋለሁ።

የራሴ ብዬ የገዛሁት የመጀመሪያው ስቴሪዮ ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው። ዕቁብ ሲደርሰኝ መርካቶ ሄጄ ሲዲ የሚያጫውት፣ ሁለት ስፒከሩ ለብቻ የሚቀመጥ፣ መብራቱ ከዘፈኑ ጋር የሚዘል ዕቃ ገዛሁ። ስፒከሮቹን በክፍሉ ግራና ቀኝ አስቀምጬ መሀል ላይ ስቀመጥ ጊታሩ ከአንድ ወገን፣ ሳክስፎኑ ከሌላው ወገን ሲመጣ ደነገጥኩ። ስንት ዓመት የሰማሁት ዘፈን እንዲህ ተዘርግቶ የተሠራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ናሽናሉም ሁለት ስፒከር ነበረው፤ ግን ተጠጋግተው ስለተሠሩ ልዩነቱ አይሰማም። ጎረቤት እስኪቆጣ ድረስ ነው የከፈትኩት።

ታዲያ ያ ምርጥ ዕቃ ትቶልኝ ያለፈው ምንም የለም። የማይክ ቀዳዳ ነበረው፣ ግን ማይክ ሰክቼበት አላውቅም። ስልክ ረክሶ፣ ካሴት መላክ ቀርቶ ነበር። የእኔ ስቴሪዮ ማዳመጫ ብቻ ሆኖ ኖሮ ማዳመጫ ብቻ ሆኖ ሞተ። ተራ ዕቃ የሚመስለው ያ የአባቴ ናሽናል ግን ቤተሰቤን አስቀምጦልኛል።

«የካሴት ድምፅ ይሻላል» የሚሉ ወዳጆቼም አይቀየሙኝ። ክሩ አራት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሰከንድ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። እሱም ላይ እኛ የምንሰማው ከሙዚቃ ቤት የተቀዳ፣ ከጓደኛ የተቀዳ፣ እንደገና የተቀዳ ነበር። የክሩ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ከዘፋኙ እኩል ይሰማል። ድምፁ ግሩም ነበር ማለት ናፍቆት እንጂ ጆሮ አይደለም።

ይህን አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ እየፈረሰችና እየተሠራች ነው። ሰው ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ይገባል፣ ቡፌው በደረጃ አልወጣ ይላል፣ ዕቃ ይራገፋል። ቴፑን ቆራሌው ይወስደዋል። ካሴቱን ለልዋጭ ሰጥቶ የፕላስቲክ ሳፋ የተቀበለ ሰው አውቃለሁ። ሳፋው ሳይሰነጠቅ አልቀረም።

ስለዚህ ካሴት ያላችሁ ዛሬ ፈልጉት። ስታገኙት ያገኛችሁት ቴፕ ውስጥ ቶሎ አትክተቱት። ዓመታት የተቀመጠ ማጫወቻ ጎማው ላልቶ፣ ውስጡ ቆሽሾ ክሩን ሊበላው ይችላል። መጀመሪያ በማያስፈልግ ካሴት ይሞከር። ጠጋኞች «ሄድ» የሚሉትን፣ ክሩ የሚነካውን ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጉት። ከኋላ ያሉትን ፕላስቲኮች ስበሩ፤ ማንም እንዳይደርብበት። ክሩን አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት፤ ተጣብቆ ከሆነ ይላቀቃል። ከዚያ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ነው። አቋራጭ የለውም። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ስልሳ ደቂቃ ይወስዳል። በርካሽ የሚሸጡት ካሴት መገልበጫዎች ድምፁን ትንሽ ያወላውሉታል፤ ሌላ ከሌለ ግን እነሱም ይሁኑ።

ስትቀዱ ብቻችሁን አትሁኑ። ከዕድሜ ባለጸጋዎቹ አንዱ አጠገባችሁ ይቀመጥ። «ይሄ ማነው የሚያስለው?» ስትሉ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ስሙን፣ ዓመቱን፣ ሰፈሩን ጻፉ። ስም የሌለው ድምፅ ለልጅ ልጅ የማያውቀው ሰው ድምፅ ነው።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር ብራናና ጋዜጣ ሲሰበስቡ ኖረዋል። የቤተሰብ ካሴት ቅጂ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር መቀበል ቢጀምሩ፣ የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ምን ያህል እንደሚጠቀም አስቡት። ወጪው ከአንድ አውደ ጥናት አበል የሚበልጥ አይመስለኝም።

ደግሞ አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። ሳንልካቸው ከቀሩት ጥቂት ካሴቶች በቀር እኛ ቤት ያለው የእኛ ድምፅ አይደለም፤ ከጅዳ የተላከልን የአክስቴ ድምፅ ነው። እኛ የላክነው እሷ ጋ ነው የቀረው። ጥያቄው አንድ ቤት፣ መልሱ ሌላ ቤት ነው ያለው። አክስቴን ደውዬ ስጠይቃት «ሻንጣ ውስጥ መኖር አለበት፣ ከጅዳ ስወጣ ይዤው ነው የመጣሁት» አለች። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ በሚቀጥለው ስትደውሉ ስለ ጤናቸው ከጠየቃችሁ በኋላ ስለ ሻንጣውም ጠይቁ።